ድመት እናስገባ ወይስ ይቅር?



ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ የሁለተኛ ዓመት ወንድማችን መስጂድ ደጅ ላይ ያዘኝ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከግቢ ውጭ ተከራይቶ ይኖራል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ክፍል። "ወንድሜ፣ አንዲት ትንሽ ድመት ዝናብ ላይ አግኝተናል፤ ልናስገባት አስበናል። ድመት ማሳደግ ሱና ነው አይደል?" አለኝ።

"ቆይ አስቤበት እነግርሃለሁ" ብዬው ሄድኩ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ቶሎ መመለስ ያልቻልኩበት ምክንያት አለኝ። እኔም በእሱ ዓመት ድመት አስገብቼ ነበር፤ እንዴት እንደተጠናቀቀም ከዚህ በታች እናገራለሁ። ለእሱ የምሰጠውን መልስ ለሁላችንም ልጻፈው ብዬ ነው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት፤ ከግቢ ውጭ የሚከራየው ተማሪ እየበዛ ስለሆነ ነገ ሌላውም መጠየቁ አይቀርም።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ በር ቆልፈን የምንውል፣ ክረምት ሲመጣ ወደየአገራችን የምንበተን ተማሪዎች ድመት ክፍላችን ውስጥ ባናስገባ ይሻላል። ድመቷ ሐላል ስለመሆኗ ጥርጥር የለኝም። የምጠራጠረው እኛን ነው።

የተፈታው ጥያቄ

ከጦሃራ እንጀምር፤ አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱን ነውና። የአቡ ቀታዳን (ረ.ዐ) ታሪክ መድረሳ የቀራ ሰው ያውቀዋል። የልጃቸው ሚስት ከብሻ ለውዱእ ውሃ ቀዳችላቸው። ድመት መጣች። እሳቸውም ዕቃውን አዘንብለው እስክትጠግብ አጠጧት። ከብሻ ተገርማ ስታያቸው፣ ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በመካከላችን ከሚዘዋወሩት አንዷ እንደሆነች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ነገሯት። ይህን ሐዲስ አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል፤ ኢማም ማሊክም በሙወጠእ አስፍረውታል። አቡ ዳውድ የዘገቡት ሌላ ታሪክም አለ፦ ለእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከስንዴና ከሥጋ የሚሠራ ሀሪሳ የሚባል ምግብ ተላከላቸው። እየሰገዱ ስለነበር እንዲቀመጥ በምልክት አሳዩ። ድመት መጥታ ቀመሰችው። ሶላታቸውን ሲጨርሱ ድመቷ ከበላችበት በኩል በሉ።

ስለዚህ ድመት ከባልዲያችሁ ውሃ ብትጠጣ ውሃውን ማፍሰስ አያስፈልግም። የሐነፊ ዑለሞች ሌላ ውሃ እያለ ከእሷ በተረፈው መጠቀምን ጠልተዋል፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ግን ንጹሕ ነው። ሽንቷና ዓይነ ምድሯ ነጃሳ መሆኑን ግን አንርሳ፤ ሰጋጃ ላይ ከሸናች ሰጋጃው ይታጠባል። የረገፈ ፀጉሯን በተመለከተ ልዩነት አለ። በሻፊዒይ መዝሀብ ነጃሳ ቢባልም ጥቂቱ ይቅር የሚባል ነው፤ ሌሎች ደግሞ ከነአካቴው ንጹሕ ነው ይላሉ። በአጭሩ ሃይማኖታችን በዚህ በኩል ገር ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

ሁለት ነገር ግን እናርም። አንደኛ፣ ድመት ማሳደግ ራሱ ሱና ነው ማለት አይቻልም፤ የተፈቀደ ነገር ነው። ሱናው ለፍጡር ማዘን ነው፤ ለእሱ ደግሞ ድመት ቤት ማስገባት ግዴታ አይደለም። ሁለተኛ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) "ሙዒዛ" የምትባል ድመት ነበረቻቸው፣ ልብሳቸው ላይ ስትተኛባቸው እንዳይቀሰቅሷት እጅጌያቸውን ቆረጡ እየተባለ በስልካችን የሚዘዋወረው ታሪክ በታወቁት የሐዲስ ኪታቦች ውስጥ የለም። ታሪኩ ደስ ስላለን ብቻ በእሳቸው ስም አናስተላልፍ። የተረጋገጠው ይበቃናል።

የተረጋገጠው ግን ሁሉም ደስ የሚል አይደለም። ከሶሓቦች ሁሉ በድመት ስማቸው የታወቀው አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ናቸው። የቤተሰባቸውን በግ ሲጠብቁ ከአንዲት ትንሽ ድመት ጋር ይጫወቱ ስለነበር ያ ስም እንደወጣላቸው ቲርሚዚ ዘግበዋል። እኒሁ "የድመቷ አባት" የተባሉት ሶሓባ በድመት ምክንያት እሳት ስለገባችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስም አስተላልፈውልናል። ከኢብኑ ዑመርም (ረ.ዐ) ተላልፏል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ድመት የሚወድ ሰው ሁለቱንም አብሮ መያዝ አለበት።

የተዘጋው በር

ያ ሐዲስ ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው "ሴትዮዋ ጨካኝ ነበረች" ተብሎ ነው። መልእክቱን ልብ ብለን ካየነው ግን ሴትዮዋ ድመቷን መታቻት ወይም ወጋቻት አይልም። የተጠየቀችው በሁለት ነገር ነው፤ ዘግታባት ሳለ አላበላቻትም፣ ራሷ ከምድር ተሐዋሲ ፈልጋ እንድትበላም አለቀቀቻትም። ለድመቷ ሁለት በር ነበራት። አንዱ የሴትዮዋ እጅ ነው፤ ሌላው አላህ ያዘጋጀላት ሰፊው ምድር ነው። ሴትዮዋ ሁለተኛውን በር ዘጋች፤ የመጀመሪያውንም አልከፈተችም።

ይህን ያስተዋልኩት ከቁይ ወጥቼ ከተማ ፎቅ ላይ ከኖርኩ በኋላ ነው። ቁይ ቤታችን እህል ይነገድበታል፤ ጤፍና ስንዴው በጆንያ ተደርድሮ ይቀመጣል። ድመት ያልነበረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። "ድመት እናሳድጋለን" ያለ ሰው ግን የለም። እናቴ "ውሪት" ብላ ትጠራታለች፤ ከእሷ በፊት የነበረችውም ውሪት ነበረች፣ ከዚያች በፊት የነበረችውም። ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለሳለች። ጎረቤት ድግስ ካለ ሁለት ቀን ላትመጣ ትችላለች። እራቷን ብንረሳባት የእህሉ ቤት አለ፤ አይጥ አይጠፋበትም። "አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች" የሚባለውን ተረት የገባኝ እዚያ ጆንያ ሥር ነው። ቁይ ውስጥ ሁለተኛው በር ሁልጊዜ ክፍት ነው። ስለዚህ የእኛ መርሳት አትገድላትም።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ግን ሌላ ነገር ነው። በሩ ይቆለፋል። መስኮቱ ይዘጋል፤ ካልተዘጋም ወፍ ሲያሳድዱ ከፎቅ የሚወድቁ ድመቶች አሉ። አይጥ ማደኛ የላትም፣ የዝናብ ውሃ የላትም፣ ደግ ጎረቤት ጋ መሄጃ የላትም። የሕንፃ ሥራ የምንማር ልጆች እንደምናውቀው ሸክም አይጠፋም፤ አንዱን ኮለን ብታነሳው ሸክሙ ወደ ሌላው ይሄዳል። ከድመቷ ላይ ሰፊውን ምድር ስናነሳባት እሱ ይሸከመው የነበረው ሁሉ፣ ምግቡም ውሃውም መፀዳጃውም፣ በአንተ ላይ ይወድቃል። አንተ ደግሞ ሚድ የምትፈተን፣ ፕሮጀክት የምታስረክብ፣ አንዳንድ ቀን ላይብረሪ የምታነጋ ሰው ነህ። መሸከምህን ሳታሰላ አትጫን።

የእኛ ታሪክ

አሁን የራሴን ልናገር። ሁለተኛ ዓመት ሳለን ሦስት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ከመስጂድ ግቢ አንዲት ግራጫ ድመት ይዘን ገባን። ወላሂ ወደድናት። ማታ ሳጠና ደብተሬ ላይ ትተኛለች፤ ለፈጅር ከአላርሙ በፊት የምትቀሰቅሰኝ እሷ ነበረች። ማን መቼ እንደሚያበላት ግን አንድም ቀን ቁጭ ብለን አልተነጋገርንም። ያለ ሰው ያበላታል፤ ሁልጊዜም ከሦስታችን አንዱ ይኖራል ብለን ነበር።

ፋይናል እንዳለቀ በነጋታው መንገድ ሊዘጋ ይችላል የሚል ወሬ መጣ። በክልላችን ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ፣ የግቢ ጥሪ ሲራዘም ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ ጓደኛችን ቀድሞ ሄደ። ሁለተኛው ማታ ዘመድ ቤት አደረ፤ ከዚያው በማለዳ ተሳፈረ። እኔ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ነበርኩ። በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ድመቷ አልጋ ሥር ነበረች፤ አላየኋትም። ሁለተኛው ወስዷት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እሱ ደግሞ ለዘበኛው ሰጥቷት ይሆናል ብሎ እኔን አስቦ ነበር። የመጀመሪያው ሁለታችንንም አምኖ ሄዷል።

በሦስተኛው ቀን አከራያችን ደወሉልኝ። ክርስቲያን እናት ናቸው፤ እኛን እንደ ልጆቻቸው ነው የሚያዩን። ሌሊት የሚሰማ ድምፅ እንቅልፍ ነስቷቸው ቁልፉን አሰብረው ገብተዋል። "እትዬ፣ በሕይወት አለች?" አልኳቸው። "አለች፤ በማንኪያ ውሃ እየሰጠኋት ነው" አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ "ልጄ፣ እናንተ ለጸሎታችሁ በቀን አምስት ጊዜ የምትታጠቡ ልጆች ናችሁ። ለዚች ነፍስ አንድ ጣሳ ውሃ እንዴት አጣችሁላት?" አሉ።

መልስ አልነበረኝም። የበሰበሰ ነገር ቢናገሩኝ፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሐዲስ በልጅነቴ መድረሳ ውስጥ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ለሌሎችም ተናግሬዋለሁ። ሴትዮዋን ሳስባት ሁልጊዜ ፊቷ የከፋ፣ ልቧ ድንጋይ የሆነ ሰው ትመስለኝ ነበር። በዚያን ቀን ግን ምናልባት እሷም እንደኔ ችኩል ነበረች ይሆናል፣ ምናልባት ሌላ ሰው ያበላታል ብላ ይሆናል አልኩ። አላህ ያውቃል። እኔን ከእሷ የለየኝ የአንዲት እናት እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው።

ጥፋቱን ለሦስት ከፍለን ማቅለል ሞክረን ነበር። አማና ግን ሲካፈሉት አይቀልም፤ ባለቤት ሲያጣ ይወድቃል።

የማይነገረው ወጪ

ከዚያ በኋላ ጠይቄና አንብቤ ያወቅኩትን ላካፍላችሁ። ብዙዎቻችን ድመት የተረፈንን ትበላለች እንላለን። ድመት ግን ሥጋ በል ፍጡር ናት። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች በጊዜ ብዛት ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። የቁይዋ ውሪት ከአይጥ ታገኘዋለች። ፎቅ ላይ ያለችው ሽሮ በእንጀራ ብቻ ከበላች አታገኘውም። ይባስ ብሎ የወጣችን መሠረት የሆኑት ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ናቸው፤ ደሟን ይጎዱታል። ወተትም ቢሆን ብዙ አዋቂ ድመቶች ሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ ያስቀምጣቸዋል። እንግዲህ ሳንባም ሆነ ልብ፣ ያለ ቅመም የተቀቀለ ነገር በየቀኑ ማቅረብ ሊኖርብህ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ልኳንዳው ሁሉ ሲቀዘቅዝም ጭምር።

መፀዳጃዋ ሳፋ ላይ የተደረገ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ነው። በየቀኑ ይጠረጋል። ይህ የሽታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በድመት ዓይነ ምድር ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ሕዋስ ሊወጣ ይችላል። ሕዋሱ ወደ ሰው ለመተላለፍ የሚደርሰው ቢያንስ አንድ ቀን ቆይቶ ስለሆነ በየቀኑ ማንሳት ትልቅ መከላከያ ነው። ለጤነኛ ወጣት ብዙም አያሰጋም፤ ለነፍሰ ጡር ሴት ግን ለፅንሱ አደገኛ ነው። በአንድ ግቢ ነፍሰ ጡር ጎረቤት ካለች ይህን ማሰብ የጎረቤት ሐቅ ነው። እጅን በሳሙና መታጠብና ሥጋን በደንብ አብስሎ መብላትም መዘንጋት የለበትም፤ ጥሬ ሥጋም ያስተላልፈዋልና።

"የእብድ ውሻ በሽታ" ስለምንለው የውሻ ብቻ ይመስለናል። ድመትም ታስተላልፈዋለች። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ድመት ከነከሰችህ ወይም ከቧጨረችህ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እጠብና ዕለቱኑ ጤና ተቋም ሂድ፤ "ትንሽ ጭረት ናት" አትበል። ድመት ለማሳደግ የወሰነ ሰውም ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ሄዶ ስለ ክትባቱ መጠየቅ ያለበት ከማስገባቱ በፊት ነው።

ሴት ድመት ከሆነች ደግሞ ስድስት ወር ሳይሞላት ልትፀንስ ትችላለች። እርግዝናዋ ሁለት ወር አካባቢ ነው፤ አራትና አምስት ልትወልድ ትችላለች። እነዚያ ልጆች የት ይሄዳሉ? በጆንያ ተከተው ገበያ ዳር ወይም መስጂድ በር ላይ ሲጣሉ አይተናል። የዚያ ወንድማችን ድመትም ዝናብ ላይ የተገኘችው ከሰማይ ወርዳ አይደለም።

"እኛ ለአይጥ ብለን ነው" የሚሉም አሉ። ለአይጥ ከሆነ መጀመሪያ ቀዳዳውን ድፈኑ፣ እህሉንና ዳቦውን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ። ጎረቤታችሁ የአይጥ መርዝ የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ድመት ማምጣት እሷን ለሞት መጋበዝ ነው፤ መርዝ የበላችውን አይጥ የምትበላው እሷ ናትና።

የመጨረሻው ሒሳብ ዕድሜ ነው። ቤት ውስጥ የምትኖር ድመት በደንብ ከተያዘች 12፣ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሆነህ ካስገባሃት፣ ተመርቀህ፣ ሥራ ፈልገህ፣ ምናልባትም አግብተህ ልጅ ስትወልድ እሷ ገና አለች። የጂሲ ፎቶህን ተነስተህ ሻንጣህን ስትይዝ ድመቷ ወዴት ትሄዳለች? ይህን ያልመለሰ ሰው ድመት አስገባ አይባልም፤ ድመት ለጥቂት ጊዜ ተበደረ እንጂ።

"ታዲያ ዝናብ ላይ ትሙት?"

ይህን ስናገር አንዲት እህታችን ተቃወመችኝ፤ ተቃውሞዋም ሚዛን የሚደፋ ነው። "ሁላችንም ኃላፊነቱን ፈርተን ከሸሸን ውጭ የቀረችው ትሞታለች። መፍራትህ ራሱ ሌላ ጭካኔ አይሆንም?" አለችኝ።

ልክ ናት። ዝናብ ላይ የተገኘችውን ለዚያ ሌሊት አስገቧት። አድርቋት፣ አሙቋት፣ አብሏት። ይህ ግዴታ ባይሆን እንኳ አጅር አለው፤ ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣ ሰው በዚያ ምክንያት እንደተማረ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ነገር ግን በዚያው ሌሊት ቀን ቁረጡ፦ እስከ መቼ? ከዚያስ ወደ ማን? ዓይኗ የተከፈተ፣ መብላት የምትችል ከሆነ ግቢ ያለው፣ እህል ያለው፣ ድመት የሚፈልግ ቤት አፈላልጉላት። ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የገጠር ከተሞች እንዲህ ያለ ቤት አይጠፋም። ገና ካልጠነከረች እናቷ አካባቢው ላይ መኖሯን ሳታረጋግጡ አታንሷት፤ እናትየው ምግብ ፍለጋ ሄዳ ሊሆን ይችላል።

ሌላም የሚነሳ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ በግልጽ አንናገረውም። ብቸኝነት ነው። ከቤተሰብ ርቆ፣ ፈተና አስጨንቆት፣ ማታ ወደ ባዶ ክፍል የሚገባ ሰው የሚጠብቀው ነፍስ ያለው ነገር ቢኖር ደስ ይለዋል። እኔም ያስገባኋት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ያኔ ግን "ለአይጥ ነው" እል ነበር። ብቸኝነት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። መድኃኒቱን ግን በር ከተዘጋባት ፍጡር ከመጠበቃችን በፊት የጀማዓውን ደጅ እንርገጥ። ቂርኣት አለ፣ ዚያራ አለ፣ ከሶላት በኋላ ቁጭ ብሎ ሻይ መጠጣት አለ። አጠገባችን ድመት ብቻ የሚያዋራ ወንድም ካለም ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

ከወሰናችሁ

ሁሉንም ሰምታችሁ "እንችላለን" የምትሉ ካላችሁ አልከለክልም፤ የተፈቀደን ነገር የመከልከል መብትም የለኝም። ግን እነዚህን አምስት ጥያቄዎች አብረዋችሁ ከሚኖሩት ጋር ቁጭ ብላችሁ በወረቀት መልሱ፦

1ኛ. አከራዩ ፈቅዷል? ኮንዶሚኒየም ከሆነስ የነዋሪዎቹ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ምን ይላል? ደብቆ ማሳደግ ነገ ድመቷን ከነዕቃህ ውጭ ያስጥላታል።

2ኛ. አብሮህ ከሚኖረው አስም ወይም አለርጂ ያለበት አለ? አፍሮ ዝም ብሎ ይሆናል፤ አንተ ጠይቀው።

3ኛ. ስሟን ስትሉ ማን ነው "የእኔ ኃላፊነት ናት" የሚለው? ሦስት ሰው አይሁን። አንድ ሰው ይሁን፤ ሌሎቹ ያግዙት።

4ኛ. በድንገት ብትሄዱ ትርፍ ቁልፍ የያዘ፣ እዚሁ የሚቀር ሰው አለ? ስልኩስ አላችሁ?

5ኛ. ከምረቃ በኋላ የት ትሄዳለች? "ያኔ እናያለን" መልስ አይደለም።

አምስቱም ካልተመለሱ ይቅር። በዚህ ማንም አያፍርም።

ሌላ መንገድ

ለብዙዎቻችን የሚሻለው ግን ሌላ መንገድ ነው። የማምሉኩ ሱልጣን ባይበርስ (በ1277 እ.ኤ.አ. የሞቱት) ካይሮ ውስጥ በመስጂዳቸው አቅራቢያ ለድመቶች መጠቀሚያ የሚሆን የአትክልት ቦታ ወቅፍ አድርገው እንደነበር ይነገራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ የኖረው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን ቦታው ብዙ ጊዜ እጅ ቢቀያየርም ከሰዓት በኋላ በፍርድ ቤቱ አደባባይ ለከተማዋ ድመቶች የሥጋ ቁርጥራጭ ይቀርብ እንደነበር ጽፏል። ይህን ሳነብ የገረመኝ ምግቡ አይደለም። ማንም ድመቶቹን አልዘጋባቸውም፤ ምግባቸውም በአንድ ሰው ማስታወስ ላይ አልተንጠለጠለም።

እኛ ሱልጣን አይደለንም። ግን የጀማዓችን ልጆች የሚከራዩባቸው ግቢዎች ውስጥ ቀድሞውኑ ድመቶች አሉ፤ በመስጂዱ ዙሪያም አሉ። በየበራችን አንድ ጣሳ ንጹሕ ውሃ ማስቀመጥ ገንዘብ አይጠይቅም። ሥጋ የሚሸጡልን ወንድሞች ከሚጥሉት ቁርጥራጭ በሳምንት ጥቂት ቢሰጡን ማቀቀል አይከብድም። ክረምት ሲመጣም እዚሁ የሚቀሩ የከተማው ልጆችና የምርምር ሥራ ያለባቸው ተማሪዎች አሉ፤ ተራ ማውጣት ይቻላል። በየሴሚስተሩ መጨረሻ የምናወጣው ማስታወቂያ ላይ "ክፍላችሁን ከመቆለፋችሁ በፊት አልጋ ሥር እዩ" የሚል አንድ መስመር ቢጨመርም እኔ አልቃወምም። ለማን እንደሆነ አውቃለሁና።

ያቺ ግራጫ ድመት እስካሁን አለች። እትዬ ጋር ቀረች፤ ታች ግቢው ውስጥ እንደፈለገች ትወጣለች ትገባለች። እኔ ቤቱን ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ፤ ጁሙዓ ጁሙዓ ከሶላት ስመለስ ትንሽ ሳንባ ይዤ ጎራ እላለሁ። እትዬ "መጣህ ልጄ? ቡና ደርሷል" ይሉኛል። ድመቷ ግን እጄ ላይ አትበላም። ሳንባውን አስቀምጬ ወደ በሩ ራቅ ስል ነው የምትጠጋው። አልፈርድባትም።

ለወንድማችን የምለው ይኸው ነው፦ ዛሬ ማታ አብላት፣ ነገ ግቢ ያለው ቤት አብረን እንፈልግላት። እኔ ቁይ ስሄድ ልወስዳት እችላለሁ፤ እናቴ ስሟን ከወዲሁ አዘጋጅታለች፣ ውሪት ነው የምትላት።

አላህ በእጃችን ላይ ካሉት ፍጡራን ሐቅ ነፃ ያድርገን፤ የረሳነውን ይማረን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ